ስምንቱ አጥንቶች

ከቀኜ የምትቆም ኦዴት ነበረች፤
አሥራ ስምንት ዓመት ሸርጣን ገነጠለች።
እኔ እግሩን ስሰብር፣ እሷ ሥጋ ስታወጣ፣
በሼቲካምፕ ጠረፍ ክረምት ሄዶ ክረምት መጣ።

አንድ ቀን በሚያዝያ፣ በረዶው ሳይለቅ ወደቡን፣
ከላስቲክ ሽርጧ ሥር አወጣች ወረቀቱን፤
ጨው እንዳይበላው በፌስታል የተሸፈነ፣
ሥጋ የሌለው እጅ፣ አጥንቱ የተበተነ።

«ጠይቂኝ» አለችኝ፣ «መልኩን ንገሪኝና
ስሙን ልጥራልሽ፤ ብሳሳት፣ እንደገና።»

አርባ ሦስት ዓመቷ።
ሁለት ልጅ አድርሳ ሦስተኛውን ይዛለች፤
በአሥራ ሰባቷ ኬሚስትሪ ወድቃለች።
አስተማሪው ያኔ፣ ነፍሱን ይማረውና፣
«አንቺ ለዓሣ ነሽ» ያላትን አልረሳችም።
«ቂም አይደለም» ትላለች፣ «ግን እሾሁ አልወጣም።»

የነርሲንግ ክፍሉ ወንበር ሃያ አራት፤
አመልካቹ ደግሞ ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት።
ከዚያ ውስጥ ገሚሱ ገና ብጉሩ ያልደረቀ፣
ሒሳብን እንደ ማስቲካ አኝኮ ያደቀቀ።
እሷ ማታ ማታ፣ ባሏ ሲያንኮራፋ፣
ከትንሹ ልጇ ጋር ክፍልፋይ ላይ ስትለፋ፣
«እማ፣ ይሄ እኮ የሰባተኛ ክፍል ነው» ሲላት፣
«ለዚህ ነው ያቃተኝ» ትለዋለች፣ ሳይከፋት።

በመስመራችን ላይ፣ በማሽኑ ጩኸት መሐል፣
ሸርጣኑ በእንፋሎት ቀልቶ ሲመጣ፣ ሲከመር፣ ሲጎድል፣
እጮኻለሁ እኔ፦
«ጨረቃ መሳዩ?»
«ሉኔት!»
«አተር የሚያህለው?»
«ፒሲፎርም!»
«ባለ መንጠቆውስ?»
ቢላዋዋ ቆመ። ሸርጣኑ አለፋት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።
«ሃሜት» አለች፣ በራሷ ተገርማ።
አለቃችን ጋስፓር «ቅዳሴ ነው ወይ?» አለን፤
«በላቲን ለማን ነው?» ብሎ ሳቀብን።
እኔ ግን ያን ጊዜ፣ ለራሴም ሳይታወቀኝ፣
ስምንቱም አጥንቶች አፌ ውስጥ ገቡልኝ።

ሰኔ ላይ ደብዳቤ። «ተጠባባቂ፣ ሰባተኛ።»
እንኳን ደስ አለሽ አንል፣ አይዞሽ አንላት እኛ።
ወረቀቱን አጥፋ ጓንቷ ውስጥ ከተተችው፤
ያን ቀን የገነጠለችውን ሸርጣን ማን ይቁጠረው።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ሰባት ስድስት ሆነ።
ስድስት አራት ሆነ። አራት ላይ ደነደነ።
ሐምሌ ሙሉ አራት።
የነሐሴ እኩሌታ አራት።

ስልኩ ሲጠራ እጇ ጓንት ውስጥ ነበር፤
በጥርሷ ስትስበው፣ እኔ ወጥቼ ከመስመር
ስልኩን ጆሮዋ ላይ ደገፍኩላት።
ፊቷን አላየሁም። ያየሁት አንገቷን፣ የደም ሥሩ ሲዘል፤
ስሙን አውቀዋለሁ፦ ካሮቲድ ይባላል።

«አንድ ሰው ትቶታል» አለች መጀመሪያ።
ደስታዋን ሳትነግረኝ ስለዚያ ሰው አሰበች፦
ታሞ ይሆን? እናት ሞታበት? ገንዘብ አጥሮት?
«ስሙን የማላውቀው ሰው ወንበር ለቀቀልኝ» አለች፣
ባዶ የሸርጣን ሣጥን ገልብጣ ተቀመጠች።
አለቀሰች ብል እዋሻለሁ።
«ጆሮዬን ጨው በጨው አደረግሽው» ነው ያለችኝ።

አሁን በቦታዋ አንዲት ወጣት ቆማለች፤
ፈጣን ናት፤ በጆሮዋ ሙዚቃ ትሰማለች።
ኦዴት በቀደም ጻፈችልኝ፦ «የዛሬው በሽተኛዬ
ዓሣ አጥማጅ ነበር፤
አንጓውን ይዤ የልቡን ትርታ ስቆጥር
ጨው ሸተተኝ። ከእሱ ይሁን ከኔ አላውቅም።»

ሱዬት፣ ያ የኛ ነፋስ፣ ከተራራው ሲወርድብኝ፣
ጣራው ሲንቋቋ፣ እንቅልፍ ሲነሣኝ፣
ግራ እጄን በቀኜ እይዛለሁ ከብርድ ልብሱ ሥር፤
ከአውራ ጣቴ ግርጌ ተነሥቼ ስደረድር፦
ስካፎይድ። ሉኔት። ትራይኩዌትረም። ፒሲፎርም።
ደግሞ ታችኛው ረድፍ። አንዱም አልጎደለም።

ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው።
ምዝገባው ጥር ላይ ይዘጋል። አልነገርኩም ለማንም።