ሁለት አረንጓዴ ብር

ቢጫ ሰደርያ ሰጡን፣ ጀርባው ላይ የተጻፈበት
«በጎ ፈቃደኛ» የሚል፤ ክረምቱን ልንሠራበት።
እኔ ግን፣ እውነቱን ላውጋ፣
የለበስኩት ለወረቀቷ ነው፤ ለሥራ ፍለጋ።

ሦስት ቀን ሠለጠንን፤ የአዳራሹ ጣራ ቆርቆሮ፣
ዝናቡ ሲደበድበው፣ ከንፈር ታያለህ እንጂ ምንም አይሰማ ጆሮ።
«የአእምሮ እድገት ውስንነት» ብለን ደብተር ላይ ጻፍን፤
ቃሉ ቢረዝምብንም ወደ ሻይ እረፍት አለፍን።

ከዚያ አንሻን ሰጡኝ።
(«ሰጡኝ» አልኩ እንዴ? እንደ ሰደርያው? አፌ አጋለጠኝ።)

ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ባንቧ ውሃ ነው ቤቷ፤
እንግዳ በሩን ሲያንኳኳ ጓዳ ትልካት ነበር እናቷ።
በክፋት አይደለም፤ ዘሀራ ክፉ አይደለችም፣
ልጇን ሰው ሲስቅባት ማየት ግን አትችልም።
የአባቷ ስም የጠፋ ይመስል «አንሻ ቂሏ» ይላታል ሰፈሩ፤
ጨዋታ እንጂ ስድብ አይመስለውም፤ እዚያ ላይ ነው ነገሩ።

ሥራ አግኝታለች፤ ሰኞ ገበያ፣ ቶይባ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ፣
ቁልፍ ትተክላለች ሸሚዝ ላይ፤ አራት ቀዳዳ፣ ክር አንድ።
«ከአራት በላይ አትቆጥርም» ብላት፣ ቶይባ ምን አለችኝ፦
«አምስት ቀዳዳ ያለው ቁልፍ አይተህ ታውቃለህ?» ዝም አሰኘችኝ።

የኔ ድርሻ ባጃጅ ነበር፤ ለብቻዋ እንድትሳፈር።
ሁለት አረንጓዴ ብር፦
አንዷ መሄጃ፣ በቀኝ ኪስ፤ አንዷ መመለሻ፣ በግራ።
ሦስት ሳምንት ስንለማመድ፣ ስንወጣ ስንወርድ በጋራ፣
ሾፌሮቹ እኔን ነው የሚጠይቁት፦ «የት ትወርዳለች?»
እሷ እዚያው ቁጭ ብላ! ትሰማለች፤ ትናገራለች።
እኔም መልስ እሰጥ ነበር።
(ሪፖርቱ ላይ የለም ይሄ፤ እዚህ ተጽፎ ይኑር።)

በአራተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ፣ ጦሳ ጉሙን ሲያወርድ፣
«ዛሬ ብቻሽን ነሽ» አልኳት፣ ጉልበቴ እየከዳኝ ሲርድ።
ተሳፈረች። እኔ ከኋላ፣ በሌላ ባጃጅ፤
«ያቺን ተከተል» ስለው ዞሮ፦ «ሚስት ናት ወይስ ወዳጅ?»
ሰደርያዬን አውልቄ፣ አጎንብሼ እንደ ሌባ፣
ጉሙ ሲውጣት፣ ጉሙ ሲተፋት፣ ልቤ ሲወጣ ሲገባ፣

ፒያሳ ላይ ባጃጇ ቆመች። መውረጃዋ እዚያ አልነበረም!
ከፈለች። ወረደች። መንገዱን ግን አልተሻገረችም።
ቆመች ጠርዙ ላይ፣ ሻሿ ርሶ፣ ወደ መጣችበት ዞራ።

ዘልዬ ወረድኩ፤ ሮጥኩ። «አንሻ! ምን ሆንሽ?» ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣
እሷ ስትስቅ።

«አብሽር ሸጋው፣ ምንም አልሆንኩ፤ ከኋላዬ ስትመጣ አይቼህ፣
ጉም ነው፤ አንተ እንዳትጠፋ ብዬ ነው የጠበቅኩህ።»

ቀጥላ፦ «ብርህስ? የትኛው ኪስ ነው?» እኔ ስጠይቃት እንደኖርኩት።
ሾፌሬ ከኋላ ይጮሃል፤ ሳልከፍለው ነበር የሮጥኩት።
ኪሴን ብዳብስ ባዶ።
ከግራ ኪሷ አወጣች፤ መመለሻዋን፤ ከፈለችልኝ። በቃ።

ሰኞ ገበያ ድረስ በእግር ወረድን፣ ዝናብ ላይ።
ሰደርያው በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ግማሹ ጽሑፍ ሲታይ፦
«…ፈቃደኛ»።
ስንት ሳምንት በጎ ፈቃዴን ተሸክሜ ስዞር፣
የሷን ፈቃድ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ቶይባ ደጃፍ ስንደርስ፣ «ነገ አብሬሽ ልምጣ?»
አሰበች። አንድ ቁልፍ የሚተከልበት ያህል አሰበች።
«ና» አለች። «ግን ጎኔ ቁጭ በል። ከኋላ አትምጣ።»