ቃል መቀበያ

የጣቢያው ሰዓት ለስምንት ሩብ ጉዳይ ይላል፤
እንቅልፍ ያጣ አምፖል ከጣሪያው ይጮኻል።
ከፒያሳ ቁልቁል ሳል የያዘው ባጃጅ
ሄዷል፤ ሳሉ ብቻ ቀርቷል ከእኛ ደጅ።

የሁኔታ መዝገብ ከፊቴ ተዘርግቷል፣
አሥራ አራት ዓመት እጄ ይህን ለምዷል፦
«አንድ በግ ጠፋብኝ ከቅዳሜ ገበያ»፣
«ባሌ ደበደበኝ በወጥ ማማሰያ»፤
ሁሉን በየተራ፣ በቀን በሰዓት፣
ያለ አንድ ስርዝ፣ ያለ አንድ ስሕተት።

ዛሬ ግን ከጎኑ ሌላ ደብተር አለ፣
የልጄ የአምና ሒሳብ፣ ግማሹ ሥራ ላይ ያልዋለ።
ባንቺአምላክ ሰጠችኝ በር ላይ አስቁማ፦
«የሰው ቃል ትጽፋለህ፣ እስኪ ያንተም ይሰማ።
ደመወዙ ጠፍቷል ወር ገና ሳይሞላ፣
ሌባውን ፈልገው፤ አታመካኝ ሌላ።»

ስም፦ ዋና ሳጅን እንዳልክ አዝመራው።
ዕድሜ፦ አርባ አንድ።
አድራሻ፦ ማራኪ፣ የኪራይ ቤት።
የጠፋው ንብረት፦ የአንድ ወር ደመወዝ።
ለመጨረሻ ጊዜ የታየው፦ ወር በገባ በአሥራ አንድ።
ከሳሽ፦ እኔው።
ተከሳሽ፦ ገና አልታወቀም።

ምርመራ ጀመርኩኝ። መጀመሪያ ያዝኩት
የቤት ኪራዩን ነው፤ ጠየቅኩት፣ ለቀቅኩት።
ደረሰኝ አሳየኝ፣ ቃሉም አልተምታታ።
ዕድሩም ነፃ ነው፣ የሞት ቀን መከታ።
ጤፉም ቃሉን ሰጠ፤ ጥፋቱ ዋጋ ነው፤
ዋጋን በምን ካቴና፣ ማን ሄዶ ይያዘው?
የቀረው አንድ ነው፣ ስም የሌለው ወጪ፣
ማታ ማታ ከኪስ አድብቶ አምላጪ።

ጥቅምት ዘጠኝ፣ መቶ ሰማንያ።
ጥቅምት አሥር፣ ሁለት መቶ አርባ።
አሥራ አንድ፣ በዱቤ።
ሁሉም ከሳሙና በር፣ ከዘርትሁን አረቄ ቤት።

ትልቁን መዝገብ ደግሞ ወደ ኋላ ገለጥኩ፣
በዚያው ቀን ምን እንደዋልኩ ከራሴ እጅ አነበብኩ፦
«ከአንገረብ ግድብ የሕፃን አስከሬን ወጣ።
ዕድሜ ሰባት ግድም። አንድ እግሩ ጫማ አለው።»

ፊደሉ ቀጥ ያለ፣ ነጥቡ በቦታው።
አንድ ነገር ግን አለ፣ መዝገብ ያላገኘው፦
የጫማው ክር በድርብ ቋጠሮ ታስሮ ነበር፣
ልክ እኔ ለልጄ ጠዋት እንደማስር።

ያን ማታ «ምነው?» ስትለኝ፣ «ምንም» አልኳት።
ለካ «ምንም» ይጠጣል፤ ያውም በዱቤ፣
የማይከፍል እንግዳ፣ ያሳደረው ልቤ።

ሃምሳ አለቃ ጓንጉል ጡረታ ሲወጣ
ቀበቶ አስረከበ፣ ካቴና፣ ቆብ፣ ዱላ፤
ንብረት ክፍል ቆጥሮ ፈረመለት። ኋላ
ቅዠቱንና ዕዳውን የሚረከብ ታጣ።
ስንት ጊዜ ሳቅኩበት፣ ብቻውን ሲያወራ፣
ከሽንታ ድልድይ ላይ፣ ከወንዙ ጋራ።

ጎህ ቀደደ። ተረኛው መጣ። ፈረምኩለት።
በሳሙና በር ሳልፍ ዘርትሁን አየችኝ፣
«ሳጅን፣ ትናንት ቀረህ» ብላ ደብተሯን ዘረጋችልኝ።
ግማሹን ከፈልኩ። ግማሹን ለደመወዝ ቀጠርኩ።
አልተቀመጥኩም።
ጀግንነት አትበሉት፤ ወንበሯ ገና ታጥቦ እርጥብ ነበር።

ቤት ስደርስ ልጄ ለትምህርት ቤት ተነሥታ
ጠበቀችኝ፣ እንደ ልማዷ እግሯን ዘርግታ።
ክሩን ያዝኩ። አንዱን ቋጠሮ ቋጠርኩ።
ሁለተኛው ላይ እጄ እምቢ አለ።

ባንቺአምላክ አየች። አልጠየቀችም።
ድስቱን ከእሳት አወረደች፣
ቀሪውን ቋጠሮ እሷ ቋጠረች፣
ልጅቷን ሸኝታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ
ደብተሩን ከጭኗ ላይ ከፈተች፤ እስክሪብቶም ፈለገች።

«ከየቱ ልጀምር? ከኪራዩ?»
«ከጥቅምት ዘጠኝ» አልኳት።