ነጥብ

ኦቢሂሮ ላይ በረዶው መስኮቱን እስከ ወገቡ ውጦታል፤
የግልገል ድመቶቹ ክፍል ግን ሞቋል።
ዘጠኝ ናቸው። ጅራት ለጅራት ሲባረሩ፣
ከሳህን ወደ ሳህን ሲዞሩ፣
ላያቸው ሰው ጥጋብ ነው፣ ጤና ነው ነገሩ።

ምግቡም ለስላሳ ነው፣ ጣት ሲነካው ገር፣
ወር አልፎ ወር ሲመጣ የማይደርቅ፣ የማይሻግት፤
እንዲህ እንዲሆን ጠብ ተደርጎበታል
ቀለም የለሽ፣ ጣፋጭ፣ ወፈር ያለ ነገር።

ኪኑዮ ናት የምትወጋቸው፤ ከአንገት ሥር፣ ጥቂት።
ስም እንዳታወጣ ተነግሯታል።
አውጥታለች፤ ለአንዷ፣ ለግራጫይቱ።

ጠብታዋን ከሰማያዊ ቀለም ጋር አዋሃደች፣
በብርጭቆ ላይ አሳሳች፣
አንድ ዓይኗን ጨፍና ጎነበሰች።
እነሆ፦ በቀዩ ሕዋስ ጠርዝ አንዲት ነጥብ፤
ከጎኑም ባለው፤ ከዚያም ወዲያ ባለው፤
ነጭ ሸሚዝ ላይ እስክሪብቶ እንዳንጠባጠበው።

«ደም ማነስ አለ?» አሉ ዶክተር ሺገማትሱ ከበር።
የለም። ገና የለም።
ብቻ ሕዋሱ ቀኑን አይጨርስም፤
ጣፊያ ያረጀውን ሲለቅም፣ መቅኒ ምትክ ሲልክ፣
ቤቱ ሌሊት ይፈርሳል፣ ሌሊት ይሠራል፣
ባለቤቱ ሳይሰማ ያንኮራፋል።
ያ ምግብ መደርደሪያ ላይ የቆየበት ዕድሜ
ከደም የተበደረው ነው፤
መቼ እንደሚከፍል የጠየቀው የለም።

«ከመቶ ስንት?»
«ሃያ ስምንት።»
ጻፈች። እጇን ታጠበች።
ግራጫይቱ ሳህኗን ልሳ ጨርሳ፣
የፍርግርጉን በር እየቧጨረች፣
ጨምሪልኝ ትላለች።