ተረኛ

አልጋችን አንድ ናት፣ ቀዝቅዛ አታውቅም፣
እኔና ሪኑስ ግን አብረን አንተኛም።
እኔ ስነሳ እሱ ይገባባታል፣
በጎኔ ሙቀት ላይ ጎኑን ያሳርፋል።
አራት ሰዓት የሱ፣ አራት ሰዓት የኔ፤
ጨለማው ግን የማን? አልገባኝም እኔ።

ከፓናማ ከወጣን አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ፣
መሬት የምንለው እያደር መነመነ።
አሁን የቀረችን
ድንች ላይ የደረቀች ቡናማ አፈር ናት፤
አንዱን ድንች ሳላጥብ በጨርቅ ጠቀለልኩት፣
ሲከፋኝ እንዳሸታት።

ሃርሊንገን ወደብ ላይ ጎረቤቶቻችን
‘ታድላችሁ!’ አሉን፣ ‘ሁለት ብቻችሁን!’
አላወቁም እንጂ፣
አንዲት የዛገች ፒንሳ ከእጅ ሾልካ ብትሰጥም
ሁለት ቀን ሙሉ ሰው አይነጋገርም።
‘ጨው አቀብዪኝ’ እንኳ በጣት ነው፣ በምልክት፤
በር ወርውሮ አይወጣ፣
የት ይኬዳል ከዘጠኝ ሜትር ቤት?

የምንገናኘው በመዝገቡ ነው።
እሱ በእርሳስ፦
‘ነፋስ ከደቡብ ምሥራቅ፣ አምስት። ትልቁን ሸራ አጥፌ ቀነስኩት።
አንድ ባለክንፍ ዓሣ ጀልባው ላይ ወደቀ፣ ወደ ባሕሩ መለስኩት።’
እኔ ከሥሩ፦
‘ነፋሱ ያው። ጨረቃ የለችም።
ካልሲህን ሰፍቻለሁ። አላኮረፍኩም።’
በማግስቱ ሌሊት፣ በዚያው ደረቅ እጅ፦
‘ሂስኬ፣ ነፋስ አራት። ፒንሳ ይገዛል እንጂ።’

የማንጽፈው ግን አንድ ነገር አለ።
ስነቃ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ፣
ጆሮዬ ነው ቀድሞኝ ወደ ላይ የሚወጣ።
ሳል ቢሆን፣ የገመድ መሳብ ቢሆን፣ የወንበሩ ሲጥ ማለት፣
ብቻ አንዳች የሱ ድምፅ፣ ውኃ ያልሆነ ነገር
እስክሰማ ድረስ ትንፋሼን አላወርድም።
ወገቡ ላይ ገመድ አለ፣ ከብረቱ ጋር ታስሮ፤
ቋጠሮውን እኔ ነኝ የማየው፣ ዞሮ ዞሮ።
ስድሳ ስምንት ዓመቱ፣ ቀኝ ጆሮው አይሰማ፣
ማዕበል በዚያ በኩል ቢመጣ በጨለማ...

አንድ ሌሊት ነቃሁ፤ ምንም።
መሪው በራሱ ይዞራል፣ ሸራው ይተነፍሳል፣
ከሰው ግን ምንም።
ደረጃውን እንዴት እንደ ወጣሁት አላውቅም፤
ባዶ እግሬን፣ በሌሊት ልብሴ፣ ስሙን አፌ ላይ ይዤ...
አለ።
ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።
አንዲት የባሕር ወፍ ደክሟት
ከጉልበቱ ሥር አርፋለች፤
እንዳያስበረግጋት ሰዓት ሙሉ አልተነቃነቀም፣
እግሩ ደንዝዟል።
ልመታው ፈለግሁ።
አጠገቡ ቁጭ አልኩ።
ሁለታችንም ሮንድ የቆምነው
ያን ሌሊት ብቻ ነው፣ ለወፍ።

በሠላሳ አራተኛው ቀን ኑኩ ሂቫ መጣች፣
ሽታዋ ቀደመ፣ ራሷ ኋላ ታየች።
መልሕቁ እየጮኸ ወርዶ አሸዋውን ነከሰ።
ወደቡ ዳር ዳቦና ትርንጎ የምትሸጥ ሴት፣
ታሂያ ነው ስሟ፣
በደረቅ መሬት ላይ እንደ ሰካራም ስንንገዳገድ አይታ ሳቀችብን፤
‘ተቀመጡ’ አለች፣ ‘ደሴቷ አትሄድም።’

ማታ፣
ሁለታችንም በአንድ አልጋ፣ በአንድ ጊዜ።
ለካ ጠባብ ናት!
ክንዱን የት እንደሚያደርገው ጠፋው፣
ጉልበቴ ሆዱን ወጋው።
‘ድሮ እንዴት ነበር የምንተኛው?’ አለ።
ሳቅን። ዝም አልን።
ውኃው አይነቀንቅ፣ ነፋሱ አይጣራም፣
እንቅልፍ ግን አልመጣም።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን
ሹራቡን በጨለማ ሲያጠልቅ ሰማሁት።
‘የማን ተራ ነው?’ አልኩት።
‘የማንም’ አለ፣ ‘ግን አንዴ ልየው።’
እሱ ወደተነሳበት ተንከባለልኩ።
ይሞቃል።
ጆሮዬን ወደ ላይ ላክሁ፤
ሳለ።
ተኛሁ።