የለውዝ መጠቅለያ

አደ ሎሚ ነበሩ፣ ከባቡር ጣቢያው በር፣
ለውዝ የሚሸጡ፣ በስሙኒ ስፍር።
ወረቀቱን ጠቅለው፣ እንደ ቀንድ አሹለው፣
ሰጡኝ ያን ከሰዓት። በላሁት። ልጥለው
እጄን ስዘረጋ፣ ጨው በጠጣው ገጽ ላይ፣
አንዲት ዝይ ስትሮጥ፣ ክንፏ ሲውለበለብ ሳይ፣
ቆምኩ።

ዝይ ብቻም አይደለች። የፖሊስ ባርኔጣ
ነክሳ ትበራለች፤ ኋላዋ የተቆጣ
ቦርጫም ፖሊስ አለ፤ ከሱ ኋላ ደግሞ፣
ካልሲው የወረደ ልጅ፣ በሳቅ ሆዱን ታሞ።
ስድስት ሣጥን ሥዕል፣ ተራ በተራ አልቆ፣
ሰባተኛው የለም፣ ገጹ ተቦጭቆ።
(አደ ሎሚ ቆጣቢ ናቸው፤ አንዱን ገጽ ለሁለት
ነበር የሚከፍሉት። ግማሹ ሄዷል ወደ ሌላ ሰው ቤት።)
በላይኛው ጥግ ላይ «ሦስት ፔንስ» ይላል፤
እኔ በስሙኒ፣ ለውዝም ተመርቆልኛል።

«በኪሎ ነው የገዛሁት» አሉኝ ስጠይቅ።
አንድ የእንግሊዝ መሐንዲስ፣ ሥራው ሲያልቅ፣
ልጆቹም አድገው ኖሮ፣ የሳቅ ዕድሜ አልፏቸው፣
ሣጥን ሙሉ ትቶ ሄደ፤ ዘበኛው ሸጣቸው፣
ሳይቆጥር፣ መዝኖ።

ከዚያ ወዲያ ለውዝ ቁርሴ፣ ለውዝ ራቴ ሆነ፣
ሆዴ እየተነፋ፣ ኪሴ እየመነመነ።
እናቴ ኮሶ አጠጣችኝ፤ ትል መስሏት ነበር።

ዛሬ ፀጉሬ ገብስማ ነው። በቆርቆሮ ሣጥን
ሁለት መቶ አሥራ አንድ ገጽ አለኝ፣ ያንኑ የሚያህል ሐዘን
ለጠፋው፣ ለተቀደደው፣ አይጥ ለበላው።
የዛገ ሽቦውን በጥፍሬ ነቅዬ፣ በነጭ ክር ሰፍቼው፣
የኒም ቅጠል አድርቄ በየመሃሉ አኑሬ፣
እጄን ሳልታጠብ ነክቼው አላውቅም እስከ ዛሬ።
የአዳማ ነፋስ ግን ቀዳዳ አያጣም፤
አቧራው እንደ ዘመድ ነው፣ ጥሪ አይጠብቅም።

«ሰው ወርቅ ይሰበስባል» ትላለች ፀዳለ፣
«አንተ የዝይ ወረቀት።» እውነቷን ነው፣ ምን አለ?
ጣሪያው ባፈሰ ለት፣ ክረምት ላይ፣ በሌሊት፣
ሣጥኑን ነው ቀድማ፣ ከፍራሿ በፊት፣
ያነሳችው።

ዘንድሮ መንገድ ሊሰፋ፣ በገንደ ጋራ በኩል፣
የእማማ ድንቄ በር ላይ ተጻፈ፣ «ይፈርሳል» የሚል።
ዕቃ ላግዝ ሄድኩኝ። ቁም ሣጥኑ ሲወጣ፣
ከግድግዳው ሆና አየችኝ፣ ዝይዋ፣ ከነባርኔጣ።

በዱቄት ሙጫ ተለጥፋ፣ በኩራዝ ጢስ ጠቁራ፣
የተቦጨቀ ጫፏ ከኔው ጫፍ ጋራ
አንድ ነው። ሰባተኛዋ።
ዝይዋ ጣሪያ ላይ ወጥታለች፣ ባርኔጣውን ደፍታ፤
ልጁ ከታች ቆሟል። ከአፉ የወጣችው ነጭ ደመና ላይ እንግሊዝኛው ተፍቆ
በእርሳስ፣ በተንጋደደ ፊደል፣

«ጌታዬ፣ ይውረዱ፤ ራት ቀርቧል።»

ባርኔጣ ላደረገ፣ ለዝይም ቢሆን፣ አንቱ ነው።

«ጉደታ ነው የጻፈው» አሉ እማማ ድንቄ፣ «በኩሬ።
እንግሊዝኛ የሚያውቅ አልነበረም በሰፈሬ።
ማታ ማታ ግድግዳውን ያነብ ነበር፣ ጮክ ብሎ፣
ታናናሾቹ እስኪተኙ።»
የት እንዳለ አልጠየቅኩም። እሳቸውም፣ ዝም ብለው፣
ለብ ያለ ውኃና ስፖንጅ አቀበሉኝ።

ስፖንጁን አላነሳሁም። ውኃ እርሳሱን ይወስዳል።
በመጋዝ፣ ከነጭቃው፣ ከነጭዱ፣ ቆርጬ አወጣሁት፤
ስምንት ኪሎ ይሆናል።

ለኔ ሊሰጡኝ ነበር። እንቢ አልኩ፤ አፌ እንቢ ሲል
እጄ ገና እንደያዘው ነበር።

አሁን ኮንዶሚኒየም ናቸው። እሁድ እሁድ
የኒም ቅጠል ይዤ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ፤
ባለፈው ስድስቱንም ሣጥን ይዤ ሄጄ ነበር፣ ለአንድ ቀን።
መነጽራቸውን አድርገው፣ ከመጀመሪያዋ ጀምረው
በጣታቸው ተከተሏት፣ ቀስ እያሉ።
ዝይዋ ባርኔጣውን ከማን እንደወሰደች፣
አርባ ዓመት ሙሉ አያውቁም ነበር።