የቆርቆሮ ኩባያ

በአሥራ ሰባት ዓመቱ ስልኬ ጮኸ በሌሊት፤
«ኔልዳ፣ እኔ ነኝ» አለ፤ ቶሎ አልለየሁት፣
የአባታችንን ድምፅ ድምፁ ለብሶት።
«ጀልባዋ እንኳ በሰበሰች፣ የተጣላንባት፤
ነይ እንጂ፣ እንደተኳረፍን አንሙት።»

ከፑንታ አሬናስ ተነሣሁ፣
ከዓሣ ፋብሪካው የአሥር ቀን ፈቃድ ለምኜ፣
ለእሱ የሱፍ ሹራብ፣
ለማላውቃት ልጁ ቀይ ቦቲ ጫማ ይዤ፤
ሁለት ቀን በአውቶቡስ፣ ግማሽ ሰዓት በመርከብ።
ቺሎኤ እንደ ድሮዋ ዝናብ ውስጥ ቆማ
ስሜን እንደረሳ ሰው በጎን ታየኛለች።

ወደቡ ላይ አቀፈኝ። አለቀሰ።
ኤራልዶ፣ የእናቴ ልጅ፣ ጢሙ ሸብቶ፣
ትከሻዬን በእንባው አራሰ።
እኔም አለቀስኩ፤ ውሸት አልነበረም፤
ያ እንባ ዛሬም እውነት ነው፣ አልክድም።

ቤቱ በእንጨት እግሮች ባሕር ላይ ቆሟል፤
ውሃው ሲሞላ ከወለሉ ሥር ያጉረመርማል፣
ሲሸሽ ጭቃው፣ የተጣለው ሁሉ ይታያል።

በግ ታረደልኝ። ድንች ተቀቀለ።
ወይን ጠጁ መጣ፣ በቆርቆሮ ኩባያ፤
ውሃውም በቆርቆሮ፣ ሾርባውም በቆርቆሮ፤
በዚያ ቤት ሸክላ የለ፣ ብርጭቆ የለ።
«ባሕር ዳር አይበረክትም» አለች ሚስቱ ኤዴሊያ፣
ቀልዱን ሳይጨርስ ቀድማው እየሳቀች።
የቀለበት ጣቷ ጠማማ ነው።
«መስኮት ወድቆባት ነው»፤
ማንም ሳይጠይቅ ልጅቷ መለሰች።

ያስና፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ማታ ማታ
የአባቷን ቦቲ ታዳምጣለች፤
አንደኛው ዷ ብሎ ሁለተኛው ከተከተለ ሰላም ነው፤
ሁለተኛው ከዘገየ
ደብተሯን ዘግታ ከአልጋ ሥር ትገባለች።

ይህን ቆጠራ አውቀዋለሁ።
በዚሁ ደሴት፣ በሌላ ወለል ላይ፣ እኔም ቆጥሬዋለሁ፤
አባታችን ቀበቶ ይዞ እናታችንን ሲፈልጋት
«ዝናብ ነው፣ ኔልዳ፣ ዝናብ ነው» እያለ
ሁለቱን ጆሮዬን በመዳፉ የደፈነልኝ ማን ነበር?
ኤራልዶ። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። መዳፉ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ይባላል፤
አመዱ ሥር ፍም መኖሩን
ለአህያዋ ማን ነገራት?

በሦስተኛው ሌሊት ሁለተኛው ቦቲ አልወደቀም።
ከግድግዳው ወዲያ ሌላ ነገር ወደቀ፣
እንደ እርጥብ ልብስ፤
ጩኸቷን የዋጠች ሴት አወዳደቋ እንዲያ ነው።
ልናገረው፣ ካልተናገርኩት ያንቀኛል፦
መጀመሪያ ያደረግሁት ጆሮዬን መድፈን ነው፣
በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ በገዛ መዳፌ።
ከዚያ አወረድኩት። ተነሣሁ። በሩን መታሁ።
«ወንበር ወድቆ ነው፣ እህቴ፣ ተኚ» አለ እየሳቀ፣
ከጀርባው ያለውን ጨለማ
በትከሻው እየደበቀ።

ንጋት ላይ ወደ ባሕር ወጣ።
ኤዴሊያ እሳቱን ትቆሰቁሳለች።
ጠየቅኋት።
«ሆድ ይፍጀው» አለች።
«እናቴም ሆድ ይፍጀው ስትል
ነገሩ ሆዷን ፈጀው» አልኳት።
ብዙ ዝም አለች።
ከዚያ ዳቦ መጠቅለል ጀመረች፣
አንድ፤ ለመንገዴ ነው አልኩ፤
ሁለት፤ ደግ ናት አልኩ፤
ሦስተኛውን ስትጠቀልል ቦርሳዬን አነሣሁ።

አሁን መርከቡ ላይ ነን። ባሕሩ አመድማ ነው።
ሹራቡን ወንበሩ ላይ ትቼለት መጣሁ፤
ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ ክረምት ነው።
ኤዴሊያ ስልኳን ታጠፋለች፣ መልሳ ታበራለች፣
ወደ ኋላ ታያለች።
ትመለስ እንደሆነ አላውቅም፤
እናቴ አራት ጊዜ ተመልሳለች።

ያስና አዲሱን ቦቲ ተጫምታለች፤
አንድ ቁጥር ይሰፋታል።
«አክስቴ፣ አንቺ ቤት ብርጭቆ አለ?»
«አለ።»
«ሲሰበርስ?»
«እንጠርገዋለን።»
«በቃ?»
«በቃ።»