አስኳሉ የት ሄደ?

አላታን ተሻግሮ የተመለሰ ሲያወራ፣
«እንቁላል ነው» ይላል፣ «እንቁላልና ኖራ፤
ፖርቹጋል ነው አሉ፣ ባሕር ሰንጥቆ መጥቶ
ድንጋይ ከድንጋዩ በነጩ አስማምቶ…»

ለሽርሽር ከትምህርት ቤት ጢስ ዓባይ ወርደን ሳለ
ድንጋዩን በምላሴ ላስሁ፤ የእንቁላል ጣዕም የለ።
«አስኳሉስ የት ሄደ?» ብዬ መምህር ገደፋውን ብጠይቅ
ጆሮዬን ቆንጥጦ ወሰደኝ፣ ከድልድዩ እስክንርቅ።

ዐርባ ዓመት ከርሞ መልሱ መጣ፤ ይታይሽ፣ የመጨረሻ ልጄ፣
ከምትሠራበት ሆቴል ጽፋ አኖረችልኝ በእጄ፣
በመድኃኒት ከረጢት ጀርባ፣ በተንጋደደ ፊደል፦
«ወተት፣ ስኳር፣ ቀረፋ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ አስኳል
ስምንት።»
የዚያ አገር መነኮሳት፣ አሉ፣ ቆባቸውን በነጩ ሲያደርቁ
በተረፋቸው አስኳል ይህን ጣፋጭ አፈለቁ።
ስሙ ፓሽቴል ነው አለችኝ።
እኔ ፓስቲ ብዬዋለሁ፤ ምላሴ እዚያው ቀረችብኝ።

እንቁላሉን ከገበያ ገዛሁ፣ በአጥሬ ማዶ ዶሮ ሞልቶ፤
ከባንቺአየሁ አንነጋገርም፣ አውራዋ ጎመኔን በልቶ
ከተኳረፍን ሦስት ወራችን።

ማክሰኞ፣ በፍስክ ቀን፣ ሊጡን ዳመጥሁ በጠርሙስ፣
ለጋ ቅቤ ቀብቼ አጠፍሁ፣ ደግሜ፣ ደብዳቤ እስኪመስል ድረስ።
ቅርጽ ማውጫ የለኝም፤ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ለቅሜ
ሊጡን በውስጡ አለበስሁት፣ በአውራ ጣት ዳር ዳሩን አቁሜ።
ሎሚው በጀልባ ከዘጌ፤ ወተቱ ሲያሸት ቀረፋ
ስምንት አስኳል፣ ስምንት ጀንበር፣ ነጭ ጣና ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ኦቨኑ ግሎ ግሎ፣ ልክ በሩን ስከፍት
ጥፍት!
መብራት። ሽምብጥ በሙሉ ጸጥ፤ ፍሪጁ አንዴ አጉረምርሞ
ወፍጮ ቤቱ አቃሰተ፣ ዘገየ፣ ዝም አለ ቆሞ።
አሥራ ሁለት ጣሳ በትሪ። የከሰሉ ከረጢት ባዶ።
ጭስ ግን ይታየኛል ከማዶ።

ኩራት ይከብዳል ወይስ አስኳል? እዚያው ቆሜ አሰላሁ፣
የእንቁላሉን ዋጋ ደምሬ። «ባንቺአየሁ!» ብዬ ተጣራሁ።

ባካፋ ሙሉ ፍም ይዛ መጣች፤ «እንዴት ዋልሽ» የለ፣ ምን የለ፤
ከታች ፍም፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ላይ ፍም ተቆለለ።
«ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት» አለች፣ «እንደኔና እንዳንቺ ሆድ።»
ከዚያ ዝም። ሁለታችን በርጩማ ላይ፣ መሐላችን ያ ሲነድ።
ከሐይቁ ነፋስ ሲመጣ ፍሙ ዐይኑን ይገልጣል፤
«ጎመንሽ…» ብላ ትጀምርና ቃሉ ጉሮሮዋ ውስጥ ይሰምጣል።

ቆርቆሮው ሲነሣ፣ ላያቸው እንደ ነብር ዥጉርጉር ሆኗል፤
አረረብኝ ብዬ ልጮኽ ስል፣ ከረጢቱ ላይ ተጽፏል፦
«ሳያርር አይበስልም።»

ነከሰች። ተንኮሻኮሸ። አፏን አቃጥሏት እፍ አለች፤
«ሚጥሚጣ ይጎድለዋል» ብላ ሁለተኛውን አነሣች።

ማታ መብራቱ ሲመጣ፣ እሷ አካፋዋን ረስታ ሄዳለች፤
አንዲት ዶሮ በአጥሩ ቀዳዳ አንገቷን አስግጋ ታየኛለች።
መስኮቱ ላይ፣ በብርጭቆ፣ ነጩ ጥርት ብሎ ቆሟል፤
ነገ ረቡዕ ነው፣ አይበላ። ኖራ ደግሞ ተወዷል።

አስኳሉ የት እንደሄደ ዐወቅሁ።
አካፋውን ነገ እመልሳለሁ።